የአባቴ ሱቅና ትልቁ መደብር

ባለፈው ወር አዘዞ ልጄ ቤት ሰንብቼ ነበር። አዲስ ቤት ነው፤ ሳሎኑ ከዳር እስከ ዳር ምንጣፍ ለብሷል። ቅዳሜ ጠዋት ምራቴ የአቧራ መምጠጫዋን ሰክታ ማጽዳት ጀመረች። እኔ ሶፋው ላይ እግሬን ሰብስቤ ተቀምጫለሁ። ማኪናዋ ጥቂት እንደሠራች ጋለችና ያ ሽታ መጣ፤ የሞቀ ብረት፣ የተጠበሰ አቧራ፣ ከሥሩ ደግሞ ከሰል ከሰል የሚል ነገር። የሶፋውን መደገፊያ በሁለት እጄ ጨብጬ ያዝኩ። ምራቴ ማኪናዋን አጥፍታ፣ «እማዬ፣ ምነው? አመመዎት እንዴ?» አለችኝ። «አላመመኝም፤ አቧራው ነው» አልኳት። አቧራው አልነበረም። ከአርባ ዓመት በላይ ያስቆጠረ አንድ ከሰዓት በኋላ ነው፣ ሳይጠሩት መጥቶ ሶፋው ላይ አጠገቤ የተቀመጠው። ለልጆቼ አንድም ቀን በወጉ አጫውቻቸው አላውቅም።

አባቴ ይርጋ ይባል ነበር። ፒያሳ፣ ጣሊያን ሠርቶት ከሄደው ባለ ፎቅ ሕንፃ ሥር፣ ሦስት ሰው ከገባ አራተኛው በር ላይ የሚቆምበት ሱቅ ነበረው። የስፌት ማኪና፣ የኤሌክትሪክ ካውያ፣ ራዲዮ፣ የላምባ ምድጃ ይሸጣል፤ የሸጠውንም ያልሸጠውንም ይጠግናል። የአቧራ መምጠጫ ማኪና የሚሸጥ፣ ሲበላሽም ፈትቶ መልሶ የሚገጥም ደግሞ በጎንደር እሱ ብቻ ነበር። ያን ጊዜ ምንጣፍ ያለው ቤት በጣት የሚቆጠር ነው፤ ሆቴሎቹ፣ ሲኒማ ቤቱ፣ ሆስፒታል የሚሠሩ የውጭ አገር ሐኪሞች፣ ሁለት ሦስት ሀብታም ነጋዴዎች። አባቴ ግን ያቺን ማኪና ከሌላው ሁሉ አስበልጦ ይወዳት ነበር። ገዢ ሲመጣ ሰሌን አንጥፎ አመድ ይበትንበትና፣ «አሁን እጅዎን በኪስዎ ያድርጉና ይመልከቱ» ይላል። አመዱ ጠፍቶ ሰሌኑ ብቻ ሲቀር ከገዢው ይልቅ የሚደሰተው እሱ ነው። ሱቁ ጥግ ላይ የተንጠለጠለችው ራዲዮ ከጠዋት እስከ ማታ የክራር ዘፈን ታሰማለች፤ እሱም አፉን ሳይከፍት በአፍንጫው እየተከተለ ብሎን ያጠብቃል። እኔ ከትምህርት ቤት ስመጣ ሻይ በአሥር ሳንቲም፣ ቦምቦሊኖ በአሥር ሳንቲም ይገዛልኝና የመለዋወጫዎቹን ስም በወረቀት ቁራጭ ላይ ያስጽፈኛል። «ያንቺ ፊደል ይነበባል፤ የእኔ የዶሮ ጭረት ነው» ይለኝ ነበር።

ያ ዘመን የፒያሳ ጎረምሳ ፀጉሩን እንደ ጎፈሬ አበጥሮ፣ ከታች የሰፋ ሱሪውን መሬት እያስጠረገ፣ ከሲኒማው በር እስከ ፖስታ ቤቱ ሲመላለስ የሚውልበት ነበር። ሴቶቹ ቁምጣ የምታክል ጉርድ ቀሚስ፣ ወፍራም ተረከዝ ያለው ጫማ። ከዚያ አብዮቱ መጣ። መቼ እንደሆነ በትክክል ልነግራችሁ አልችልም፤ እኔ የማስታውሰው ልብሱ የተለወጠ ዕለት ነው። ጉርዱ ረዘመ፤ ጎፈሬው ተላጨ፤ ወንዱም ሴቱም ካኪ ለበሰ። በአደባባዩ ምሰሶ ላይ የድምፅ ማጉያ ተሰቀለና ማርሽ ጠዋትም ማርሽ ማታም ሆነ። አባቴ የራዲዮኑን ድምፅ ቀነሰ። ኋላም ጭራሽ አጠፋው።

ትልቁ መደብር የተከፈተው በዚያ ሰሞን፣ ከአባቴ ሱቅ ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ ነው። ቤቱ ከአንድ ነጋዴ የተወረሰ ነው፤ ሰፊ መስታወት ያለው፣ ከውስጡ ሰው ሲነጋገር የሚያስተጋባ። የመንግሥት ነውና ዕቃ የሚያስመጣው መንግሥት ራሱ ነው። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ቤት ተቀምጬ ስለነበር ከቀበሌ ደብዳቤ ተጻፈልኝና ሻጭ ሆኜ ተቀጠርኩ። አባቴ ሲሰማ፣ «ሥራ ነው፤ ግቢ» አለኝ። ሰማያዊ ጋዋን ለብሼ ከባንኮኒው ጀርባ ስቆም በመስታወቱ አሻግሬ አባቴን አየዋለሁ፤ ጎንበስ ብሎ ሲሠራ አናቱ ይታየኛል።

መደብሩ ግዙፍ ነበር እንጂ የሚሸጠው ነገር ግራ ያጋባ ነበር። አንድ ወር የወንድ ቦት ጫማ ይመጣል፤ ሁሉም ቁጥሩ አርባ አራት ነው። ሌላ ወር የቻይና ኩባያ፣ ከዚያ ደግሞ ምንም። ሰልፉ ግን አይቀርም፤ ሰው ምን እንደሚሸጥ ሳያውቅ ይሰለፋል። አንድ ቀን አያ ታከለ የሚባሉ፣ የአባቴ የጥንት ደንበኛ፣ ልብስ ሰፊ ናቸው፣ የስፌት ማኪናቸውን ራስ በከረጢት ተሸክመው ከአምባ ጊዮርጊስ በአውቶቡስ መጡ። መርፌና ቺንጋ፣ የማኪናዋን ቀበቶ፣ ፈልገው ነው። አባቴ መርፌ ካለቀበት ሰንብቷል፤ ለግል ነጋዴ ከውጭ ማስመጣት ተከልክሏል። «ከማዶ ይጠይቁ፤ ልጄ እዚያ ናት» ብሎ ላካቸው። ኃላፊያችን፣ መስፍን የሚባል የሒሳብ አስተማሪ የነበረ ሰው፣ በትሕትና፣ «አባቴ፣ ማመልከቻ ይጻፉና ያስገቡ፤ ለዋናው መሥሪያ ቤት እናስተላልፋለን» አላቸው። አያ ታከለ ቤቱን ቀና ብለው አዩት፤ ጣሪያውን፣ መስታወቱን፣ እኛን።

«ምነው ልጄ፣ ይህን ያህል ሸጋ ቤት ሠርታችሁ መርፌ ይታጣ?» አሉኝ።

ተመልሰው አባቴ ጋ ሄዱ። እሱም አንድ የዛገ መርፌ ከማኪና ላይ ፈትቶ፣ በዘይት ወልውሎ ሰጣቸው።

ሦስቱ የአቧራ መምጠጫዎች የመጡት ከዚያ በኋላ ነው። ከወዳጅ አገር የተላኩ ናቸው ተባለ፤ ከባድ፣ አረንጓዴ፣ በርሜል የሚመስሉ። ሁለቱ በትእዛዝ ለከተማው የስብሰባ አዳራሽ ሄዱ፤ እዚያ ቀይ ምንጣፍ ተነጥፎ ነበር። ሦስተኛው ለማሳያ በእኛ መስታወት ውስጥ ቀረ። አባቴ ይህን ሲሰማ መንገዱን ተሻግሮ መጣ፤ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ በመስታወቱ በኩል ሲያየው ቆየ። ከዚያ ገባና ወደ ባንኮኒው ተጠግቶ፣ «መለዋወጫ አብሮ መጥቷል?» አለኝ።

«አልመጣም።»

«እንግዲያው ሦስት ሬሳ ነው የላኩላችሁ።»

«አባባ፣ ቀስ በል» አልኩት። በዚያ ዘመን ከዚህ ባነሰ ንግግር የሄዱ ሰዎች ነበሩ።

ብዙ ሳይቆይ የድምፅ ማጉያው አዋጅ ተናገረ፤ መለዋወጫ ያለው ነጋዴ ሁሉ በሳምንት ጊዜ ውስጥ ያስመዝግብ፣ ደብቆ የተገኘ በኢኮኖሚ አሻጥር ይጠየቃል። አባቴ መደርደሪያው ላይ ያለውን ሁሉ አስመዘገበ። አንድ ነገር ግን አላስመዘገበም፤ የብስኩት ቆርቆሮ። በውስጡ ሃያ ዓመት ሙሉ የለቀማቸው ጥቃቅን ዕቃዎች ነበሩ፤ ለአቧራ መምጠጫና ለሌላም ማኪና ሞተር የሚሆኑ ካርቦኖች፣ ምንጮች፣ ትናንሽ ኩሽኔታዎች። ካርቦን ማለት ለሞተሩ መብራት የሚያቀብል ጠቆር ያለ ቁራጭ ነው፤ እየተፋቀ ያልቃል፤ ካለቀ ሞተሩ ይቆማል። እነዚያን ዕቃዎች ግማሹን ከአስመራ፣ ግማሹን አገር ለቀው ከሚሄዱ ፈረንጆች ነው ያገኛቸው። ለምን እንዳላስመዘገበው አላውቅም። ረስቼው ነው ይል ነበር። እጁ እምቢ ብሎት ይመስለኛል። ቀኑ ካለፈ በኋላ ግን ማስመዝገብ ራሱ ደብቄ ነበር ብሎ መናዘዝ ሆነ። በዚያው ሳምንት ከሱቁ ሁለት በር ዝቅ ብሎ የነበረ የብስክሌት መለዋወጫ ነጋዴ ተወሰደ።

አባቴ አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ቆርቆሮውን በጨርቅ ጠቅልሎ ቦርሳዬ ውስጥ ከተተውና፣ «አንገረብ ወንዝ ውረጂ። ገደል ካለበት ጣይው። ዞር ብለሽ አትይ» አለኝ። ፊቱ አመድ መስሏል። ሴት ልጅ ቦርሳ ይዛ ብትሄድ የሚጠረጥራት የለም ብሎ ነው። ቁልቁል ወረድኩ። ድልድዩ ጋ ስደርስ የአብዮት ጥበቃዎች መንገዱን ዘግተው ይፈትሻሉ፤ የሴቶቹን ቦርሳ ሳይቀር መሬት ላይ ይዘረግፋሉ። ቀድመውኝ ስድስት ሰባት ሰዎች ቆመዋል። ጫማዬ ውስጥ ጠጠር የገባ መስዬ ጎንበስ አልኩ፤ ከዚያ ዞርኩ። የጠራኝ የለም። ወደ ቤት ብሄድ እናቴ አለች፤ ወደ ሱቁ ብመለስ የባሰ ነው። የስምንት ሰዓት የሥራ መግቢያ ደርሷል። እግሬ ወደማውቀው ቦታ ወሰደኝ። መደብሩ መጋዘን ውስጥ የሦስቱ ማኪናዎች ባዶ ካርቶኖች ተደርድረዋል፤ ካርቶኑም የመንግሥት ንብረት ነው ተብሎ አይጣልም። ቆርቆሮውን ከታችኛው ካርቶን ውስጥ አስገብቼ ሌሎቹን ሁለቱን ከላይ ጫንኩበት።

ማታ አባቴ፣ «ጣልሽው?» አለኝ።

«ጣልኩት» አልኩት። ትንፋሹን ለቀቀ፤ እኔ ግን የእኔን ያዝኩት።

ከሳምንት በኋላ ሱቁን ፈተሹት። ሁለት ጊዜ ፈተሹት። ከተመዘገበው ሌላ ያገኙት የለም፤ ሆኖም «ተጣርቶ እስኪወሰን» ተባለና በሩ ላይ ወረቀት ተለጥፎ ማኅተም ተመታበት። ቁልፉን የያዘው በላቸው የሚባል የቁጥጥር ኮሚቴ ሰው ነው፤ ገና ወጣት፣ ካኪው የተተኮሰ፣ ወገቡ ላይ ሽጉጥ ያለው፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማይናገር ሰው። አባቴ ቤት ዋለ። ግቢ ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጦ እጁን ያገላብጥ ነበር፤ ምን ላድርግበት እንደሚል።

ቆርቆሮውን ከዚያ ማውጣት እችል ነበር። በነጋ በጠባ አስበዋለሁ። አንድ ቀን መጋዘን ጠባቂው አለ፤ አንድ ቀን ፍተሻ አለ፤ አንድ ቀን ደግሞ ምንም የለም፣ እኔ ብቻ ነኝ፣ ካርቶኑን ከፍቼ ቆርቆሮውን አየሁትና መልሼ ዘጋሁት። የጻፍኳቸው የወረቀት ቁራጮች በውስጡ አሉ። መጣል አቃተኝ።

ከዚያ ያ ቀን መጣ። ከአዲስ አበባ ትልቅ ባለሥልጣን በማግስቱ ጠዋት ይገባል ተብሎ ከተማው ተወጥሯል፤ የመንገድ ጠርዝ ድንጋይ ሳይቀር ኖራ ተቀብቷል። አዳራሹም ግድግዳው በኖራ ተቀባ። ኖራው ደርቆ እንደ ዱቄት ቀዩ ምንጣፍ ላይ ረገፈ። ጽዳት ሠራተኞቹ ማኪናዎቹን አምጥተው ያን ኖራ ሲያስመጥጡ አንደኛው ጭስ አወጣ፤ ሁለተኛው ጮኸና ቆመ። ምንጣፉ በውኃ ሲታጠብ ኖራው ይብስ ለጠፈ። እኛ መስታወት ውስጥ ያለው ሦስተኛውም ከሞተ ቆይቷል፤ በየጠዋቱ ለሕዝብ ማሳያ ሲነሣ ሲነሣ ካርቦኑ አልቆ። መስፍን ይህን ለማንም ሳይናገር እንዳለ አቁሞት ነበር።

ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ በላቸው ገባ። ደንበኛውን ሁሉ አስወጣና በሩን ዘጋ።

«ያ መስታወት ውስጥ ያለው ይምጣ» አለ።

መስፍን ከንፈሩን ላሰ። «እሱም አይሠራም» አለ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከሁለት ወር።»

በላቸው ረጅም ጊዜ አየው። «ሦስት ማኪና፤ ሦስቱም በእናንተ እጅ ሞቱ። እንግዳው ነገ ሲገባ ይህን ምን ብለን ነው የምንነግረው? አሻጥር ካልሆነ ምን ስም አለው?» ካለ በኋላ፣ «መለዋወጫ አብሮ አልመጣም?» አለ።

«በሰነዱ ላይ የለም።»

«ሰነዱን አልጠየቅሁህም። ካርቶኖቹ የት አሉ?»

«ባዶ ናቸው» አልኩ እኔ። ማንም አልጠየቀኝም። «እኔ ነኝ የደረደርኳቸው፤ ባዶ ናቸው።»

በላቸው ወደ እኔ ዞረ። «ባዶ ከሆኑ ብናያቸው ምን ክፋት አለው?»

ሦስታችን ወደ መጋዘኑ ገባን። መስፍን የላይኛውን ካርቶን አውርዶ ከፈተ፤ ገለባ የመሰለ ማሸጊያና ማናችንም የማንችለው ቋንቋ ያለበት መጽሐፍ። ሁለተኛውን ከፈተ፤ ባዶ። ግድግዳውን ተደገፍኩ። አባቴን ነበር የማየው፤ ግቢው ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጦ፣ ቆርቆሮው ወንዝ ውስጥ ነው ብሎ አምኖ።

መስፍን ለሦስተኛው ተንበረከከ። ጀርባው ለበላቸው ነው፤ እኔ ግን ከጎን ስለቆምኩ እጁን አያለሁ። ጨርቁን ገለጠ። የቆርቆሮውን ክዳን አነሣ። ከላይ አንድ የወረቀት ቁራጭ አለ፤ «ካርቦን፣ ትልቁ» ይላል። በየቀኑ የምጽፈውን ደረሰኝ የሚፈርመው መስፍን ነው፤ ፊደሌን እንደ ራሱ ፊደል ያውቀዋል። እጁ ቆመ። ወደ እኔ ቀና አላለም። ወረቀቱን መዳፉ ውስጥ ጨበጠው፤ ከሥር ያሉትንም ሌሎቹን ቁራጮች ሰበሰበና መሐረብ የሚያወጣ መስሎ ኪሱ ከተታቸው። በመሐረቡ ግንባሩን ጠረገ። ከዚያ ቆርቆሮውን ብድግ አድርጎ ተነሣ።

«አለ» አለ።

«ምን አለ?»

«መለዋወጫ። ከማኪናዎቹ ጋር የመጣ ነው፤ ሳናየው ቀርተን ነው።»

በላቸው አንዱን ካርቦን በሁለት ጣቱ አነሣ። «በሰነዱ ላይ የለም አላልክም?»

«ሰነዱ የተጻፈው በማናውቀው ቋንቋ ነው። የተረጎምነው በግምት ነው።»

«በብስኩት ቆርቆሮ ነው የሚልኩት?»

«ያገኙት ውስጥ ከተውት ይሆናላ» አለ መስፍን። ድምፁ ክፍል ውስጥ ሲያስተምር የነበረውን ድምፅ መሰለ።

በላቸው ካርቦኑን ወደ ቆርቆሮው መልሶ ጣለው። «ማን ይገጥመዋል?»

«በከተማው አንድ ሰው ነው ያለው። ሱቁን አሽገንበታል።»

በላቸው እኔን አየኝ። የዚያ ሰው ልጅ መሆኔን ያውቃል። «ይጠራ» አለ።

ሁለት ጥበቃዎች ቤት ሄደው አባቴን አመጡት። እናቴ ለእስር መስሏት በዚያ ፀሐይ ጋቢ አሸክማዋለች፤ ጋቢውን በትከሻው ጥሎ፣ ፊቱ በላብ ተጠምቆ ገባ። ባንኮኒው ላይ ከመስታወቱ አውርዶ መስፍን የፈታታው ማኪና አለ፤ ከአዳራሹ የመጡት ሁለቱም ወለሉ ላይ ተቀምጠዋል። አጠገቡ ቆርቆሮው አለ። አባቴ ቆርቆሮውን ሲያይ ዓይኑ አልተንቀሳቀሰም። ወደ እኔም አልዞረም። ጋቢውን ቀስ ብሎ አጥፎ ወንበር ላይ አስቀመጠ።

«ይህን ዕቃ ታውቀዋለህ?» አለው በላቸው።

አባቴ አንዱን አንሥቶ ወደ ብርሃን አስጠጋው። «ካርቦን ነው።»

«ያንተ ነው ወይ ነው የምልህ።»

«የእኔን ሱቅ ሁለት ጊዜ ፈትሻችሁታል፤ ዝርዝሩ እጃችሁ ላይ ነው» አለ አባቴ። «ይህ ከየት ወጣ?»

«ከዚህ መጋዘን።»

«ከመንግሥት መጋዘን የወጣ ዕቃ እንዴት የእኔ ይሆናል?»

በላቸው ካርቦኑን ከእጁ ወስዶ የሞተሩ ማደሪያ ላይ ራሱ ሞከረው። አልገባም፤ ከማደሪያው ይሰፋል። እንደገና ሞከረ። «ለዚህ ማኪና የመጣ ከሆነ ምነው አይገባም?» አለ። መስፍን ወለሉን ያያል። እኔ የጋዋኔን ቁልፍ ጨምድጄ ይዤ በጥሼዋለሁ፤ መበጠሱን ያወቅሁት ኋላ ቤት ስገባ ነው።

«ካርቦን ሰፋ ብሎ ነው የሚመጣ» አለ አባቴ። «ገጣሚው በሞረድ ያስተካክለዋል። ሞረዴ ግን እናንተ ያሸጋችሁት ሱቅ ውስጥ ነው።»

በላቸው ቁልፉን ይዞ አብሮት ወጣ። በመስታወቱ አሻግሬ አየሁ፤ ማኅተሙ ተቀደደ፣ በሩ ተከፈተ፣ አባቴ ገባ። ሞረድ፣ ካቻቢቴና ፒንሳ ይዞ እስኪወጣ ረጅም ጊዜ ፈጀ። በሩ እንደገና ሲዘጋ ወደ ኋላ አላየም።

ተቀምጦ መሞረድ ጀመረ። ለዚህች ማኪና ሊሆን የሚችል ካርቦን አራት ብቻ ነው፤ የሚያስፈልገው ሁለት። እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ሃያ ዓመት አይቼው የማላውቀው ነገር ነው። የመጀመሪያው ሲያልቅ ተሰበረ። የሞረዱ ድምፅ ብቻ ባዶው ቤት ውስጥ ያስተጋባል። ሁለተኛው ገባ። ሦስተኛውን ሲሞርድ መሐል ላይ ቆመና ዓይኑን ጨፈነ፤ ከዚያ በአፍንጫው፣ በጣም ዝቅ አድርጎ፣ ያንን የጥንቱን ማንጎራጎር ጀመረ። እጁ ጸና። ሦስተኛውም ገባ። ከአዳራሹ ከመጡት ከአንዱ ቱቦ የሚሰካበትን አንገት፣ ከሌላው ቱቦውን ወስዶ ከሦስቱ አንድ አወጣና ሶኬቱን ሰካ። ምንም ድምፅ የለም። በመዳፉ አንድ ጊዜ መታው። ሞተሩ ውስጥ ሰማያዊ ብልጭታ ታየ፤ አቃሰተና ጮኸ። የሞቀ ብረት፣ የተጠበሰ አቧራና የከሰል ሽታ ቤቱን ሞላው።

በላቸው ሲጋራ እያጨሰ ነበር። አመዱን ወለሉ ላይ አራገፈና በእግሩ አመለከተ። አባቴ ቱቦውን አስጠጋ። አመዱ ጠፋ። «ወደ አዳራሹ ይሂድ» አለ በላቸው።

አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ምንጣፉ ጸዳ። እንግዳው በማግስቱ መጥቶ አዳራሹ ውስጥ ከግማሽ ሰዓት ያልበለጠ ቆይቶ ሄደ ሲባል ሰማሁ።

ከአባቴ ጋር ወደ ቤት ስንሄድ ጋቢውን እኔ ያዝኩለት። ጃንተከል ዋርካ ጋ ስንደርስ ወደ እኔ ዞረ።

«ጣልኩት ብለሽኝ ነበር» አለኝ።

«ድልድዩ ላይ ፍተሻ ነበር።»

«በማግስቱስ?»

«በማግስቱ መጣል እችል ነበር። አልጣልኩትም። ዕድሜህን ሙሉ የለቀምከው ነው።»

ትንሽ ሄድን። «የለቀምኩትን ዕቃ ሃያ ዓመት ብሎን ስፈታ ነው ያገኘሁት» አለ። «አንቺን ቢወስዱሽ ኖሮ ከየት ነበር የማገኝሽ?» ሲያለቅስ ያየሁት ያን ዕለት ብቻ ነው፤ እሱንም ፊቱን ወደ ዋርካው አዙሮ ስለነበር በትከሻው ነው ያወቅሁት።

መስፍን ስለዚያ ነገር አንድም ቀን አላነሣብኝም። በማግስቱ፣ «መጋዘን ያሉትን ካርቶኖች በሙሉ አውጥታችሁ አቃጥሉ፤ ቦታ ይዘዋል» አለ እንጂ። ወረቀቶቹን የት እንዳደረሳቸው አላውቅም። ከሁለት ዓመት በኋላ ወደ ቆላ አገር ተዛውሮ ሄደ፤ ሲሰናበተን የአባቴን እጅ በሁለት እጁ ጨብጦ ብዙ ቆየ። ከዚያ ወዲያ ወሬውን አልሰማሁም፤ በሕይወት ካለ ይህን ቢያነብ እወዳለሁ።

ቆርቆሮው የመንግሥት ንብረት ሆኖ ተመዘገበ። ሱቁም አልተከፈተም። የአባቴ ጥቅም ስለታወቀ ለእሱም ደብዳቤ መጣለት፤ በመደብሩ የጥገና ሠራተኛ ሆኖ ተመድቧል ይላል። እምቢ የሚባል ደብዳቤ አልነበረም። ሱቁን ቀበሌ ወሰደውና ስኳርና ሳሙና ማደያ አደረገው። አባቴ ዓይኑ እስኪደክም ድረስ በትልቁ መደብር ኋላ ክፍል ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ ብሎ ሠራ። እኔ ቆርቆሮውን ወንዝ ብጥለው ኖሮ ሱቁ ይከፈትለት ነበር ወይስ ማኪናዎቹ እንደሞቱ ቀርተው እሱም መስፍንም ያልቁ ነበር፣ እስከ ዛሬ ስመዝነው ሚዛኑ አይቆምልኝም።

የጀመረበትን ጠዋት ግን እንደ ዛሬ አየዋለሁ። በራችን ላይ ሰልፍ አለ። በላቸው ከመግቢያው አጠገብ ቆሟል። አባቴ የክት ኮቱን ለብሶ፣ ክራባት አስሮ፣ ጢሙን ተላጭቶ፣ ከሰልፉ ጀርባ ተሰልፏል። ሠራተኛ ነኝ ብሎ ማለፍ ይችል ነበር፤ አላለፈም። አንድ በአንድ ተራው እስኪደርስ ቆመ። እኔ አንድያ ልጁ ነኝ፤ እናቴ እየተቆጣች እንኳ አባቴን «አንተ» ስል ነው ያደግኩ፤ እሱም «አንቺ» ከማለት ሌላ ጠርቶኝ አያውቅም። ባንኮኒው ላይ ሲደርስ ደብዳቤውን አስቀመጠና ቀና ብሎ አየኝ።

«ጓድ» አለኝ፣ «የምሠራበትን ጠረጴዛ ቢያሳዩኝ።»

በላቸው እያየን ነው። የባንኮኒውን መዝጊያ አነሣሁለት።

«በዚህ በኩል ይለፉ፣ ጓድ ይርጋ» አልኩት፤ ከፊት ከፊቱ መራሁት።